ቫልቩ ሲደፈን ሞተሩ ለምን ይረጋጋል? የሮታሪ ሞተር የሚኒሞ ችግር

መኪናው መብራት ላይ ቆሟል። ሚኒሞው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ሊጠፋ ይደርስና ይመለሳል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ከጭስ መቆጣጠሪያ ቫልቮች አንዱን ይነቅልና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። መንቀጥቀጡ ወዲያው ቆመ! ታዲያ ችግሩ ተፈታ ማለት ነው?

የድሮውን ማዝዳ አርኤክስ-7 የሚነዱ ሰዎች ይህንን ዘዴ በደንብ ያውቁታል። ዘዴው ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ ካልገባን ግን አንዱን ችግር ሸፍነን ሌላ እንፈጥራለን።

ሮታሪ ሞተር ሚኒሞ ላይ ለምን ይቸገራል?

በተለመደው ሞተር ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። በጀርመናዊው ፌሊክስ ዋንክል ስም በሚጠራው ሮታሪ ሞተር ግን ፒስተን የለም፤ ጎኖቹ ያበጡ ባለሦስት ማዕዘን ሮተር ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል። ማዝዳ ይህን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1967 በኮስሞ ስፖርት፣ በ1978 ደግሞ በአርኤክስ-7 ይዞ ወጣ። የመጀመሪያው አርኤክስ-7 ሞተር 12ኤ ይባላል፤ እያንዳንዳቸው 573 ሲሲ የሆኑ 2 ሮተሮች አሉት።

በዚህ ሞተር አየር ማስገቢያውንና ጭስ ማውጫውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሮተሩ ራሱ ነው። ለአጭር ጊዜ ሁለቱም አብረው ክፍት ይሆናሉ። ሞተሩ በፍጥነት ሲሽከረከር ይህ አያስቸግርም። ሚኒሞ ላይ ግን ማስገቢያው በኩል ያለው የመሳብ ኃይል የተቃጠለውን ጭስ መልሶ ይጎትተዋል። አዲሱ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ከጭስ ጋር ስለሚቀላቀል በቀላሉ አይቀጣጠልም። ስለዚህ 12ኤ ጤነኛ ሆኖም እንኳ ሚኒሞ ላይ ገደል አፋፍ ላይ ነው የሚሠራው።

ሌላም ችግር አለ። ነዳጁ የሚቃጠልበት ክፍል ረጅምና ጠፍጣፋ ስለሆነ እሳቱ ግድግዳው አጠገብ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ይጠፋል። ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጭሱ ጋር ይወጣል። አሜሪካ በ1970 የጭስ ሕጓን ስታጠብቅ የማዝዳ መሐንዲሶች መፍትሄ ያደረጉት አየር በፓምፕ ወደ ጭስ ማውጫው ማስገባትና የተረፈውን ቤንዚን እዚያው ማቃጠል ነበር።

ቫልቩ ምን ይሠራል?

ነገሩ ወዲህ ነው። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ በድንገት ሲያነሳ የካርቡራተሩ በር ይዘጋል፤ ማስገቢያው ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይልም በአንዴ ይጨምራል። ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የነበረው ቤንዚን ይተንናል። ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበትና ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው ያልፋል። እዚያ ከፓምፑ የመጣ አየርና ከፍተኛ ሙቀት ይጠብቁታል፤ ቧ!

ይህን ፍንዳታ የሚከላከለው አንቲ አፍተርበርን ቫልቭ ነው። ልክ በዚያች ቅጽበት ይከፈትና ወደ ማስገቢያው ተጨማሪ አየር ይለቃል፤ ድብልቁን ያቀጥነዋል፤ ከዚያ ይዘጋል። ሚኒሞ ላይ ዝግ መሆን አለበት።

ትንሽ ቀዳዳ፣ ትልቅ መንቀጥቀጥ

ዓመታት ሲያልፉ የቫልቩ ዲያፍራም ይቀደዳል ወይም ቫልቩ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ያኔ ካርቡራተሩ የማያውቀው አየር ይገባል። ምን ያህል ይጎዳል? እስቲ በግምት እናስላው። 12ኤ በአንድ ዙር 1.146 ሊትር ይስባል። በደቂቃ 750 ዙር ቢሽከረከር 860 ሊትር ገደማ ነው። ሚኒሞ ላይ ማስገቢያው ውስጥ ያለው አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ፣ ግፊቱን ከውጭው 0.4 እጅ ብንወስድ፣ በትክክል የሚገባው ወደ 340 ሊትር ይሆናል። በቫልቩ በኩል በደቂቃ 30 ሊትር ቢሾልክ 9 በመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። 14.7 ለ1 የነበረው የአየርና የቤንዚን ምጣኔ ወደ 16 ለ1 ይሄዳል። አስቀድሞ በጭስ ለተበረዘ ድብልቅ ይህ በቂ ነው፤ አንዳንዱ ተራ ሳይቀጣጠል ያልፋል፤ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል።

በ6000 ዙር ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን ሞተሩ በደቂቃ ከ6800 ሊትር በላይ ይስባል። ያው 30 ሊትር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። መኪናው መንገድ ላይ ደህና ሆኖ መብራት ላይ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ስንደፍነው ምን እናጣለን?

የሚሾልከው አየር ስለሚቆም ሚኒሞው ይረጋጋል። ግን እግር ከነዳጅ መስጫው በተነሳ ቁጥር ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። ፍንዳታው ማርሚታውን ይጎዳል፤ ካታሊስት ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ካታሊስቱ ከልክ በላይ ይግልና ይበላሻል። ከኋላ የሚሄደው ሰው የሚተነፍሰውም ያንኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ በሚነዳ መኪና ይህን ማድረግ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ፓምፑም ካታሊስቱም የተነሳለት፣ ውድድር ሜዳ ላይ ብቻ የሚነዳ መኪና ጉዳይ ሌላ ነው።

ስለዚህ መድፈን ጥሩ መመርመሪያ እንጂ ጥገና አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወደ ቫልቩ የሚሄደውን ቱቦ ለጥቂት ሰከንድ ቆንጥጦ መያዝ ይበቃል። ሚኒሞው ከተረጋጋ ጥፋተኛው ተገኝቷል፤ ቫልቩ ይቀየር። ምንም ካልተለወጠ ቫልቩን አትንኩት፤ የተሰነጠቁ የቫክዩም ቱቦዎችን፣ የካርቡራተሩን ጋስኬት፣ ካንዴላዎቹን፣ በመጨረሻም የሮተሩን ጫፍ ሲሎች መፈተሽ ነው። ነዳጅ ጨምሮ መንቀጥቀጡን መሸፈንም ያው መድፈን ነው።

እዚህ አገር ሮታሪ ሞተር ማግኘት ብርቅ ነው። ኢጂአር የሚባለው ቫልቭ በላሜራ የተደፈነበት የናፍታ ፒክአፕ ግን ብርቅ አይደለም። እዚያም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ ቫልቩ በጥላሸት ተይዞ ክፍት ሲቀር ሚኒሞው ይበላሻል፣ ሲደፈን ይሻለዋል፣ ጎጂው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን ይጨምራል። ብዙ ጊዜ ቫልቩን ነቅሎ ጥላሸቱን ማጽዳት ይበቃው ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ መካኒክዎ “ደፍነነዋል፣ በቃ ተስተካከለ” ሲልዎት፣ “ቫልቩ ምን ሆኖ ነበር?” ብለው ይጠይቁት።