ከእርጅና ጋር የሚምታታው የትከሻና የዳሌ ሕመም

ፖሊማያልጂያ ሩማቲካ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን፣ ከወንዶችም ይልቅ ሴቶችን የሚያጠቃ የብግነት፣ ማለትም የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት የሚቀሰቅሰው የመቆጣት ሕመም ሲሆን፣ ሁለቱንም ትከሻዎች፣ አንገትንና የዳሌን ዙሪያ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይይዛል። ታማሚው ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት፣ ፀጉሩን ለማበጠርና እጁን በኮት እጅጌ ለማስገባት ይቸገራል፤ የሰውነቱ መተሳሰርም ከ45 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ይህን የመሰለው ሥቃይ «ብርድ ነው» ወይም «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፉ ያሳዝናል፤ ሊታከም የሚችል ነውና።

በሽታውን ብቻውን የሚያረጋግጥ ምርመራ ስለሌለ ሐኪሙ ተመሳሳዮቹን አንድ በአንድ እያጣራ ይደርስበታል። ኢኤስአርና ሲአርፒ የተባሉት፣ ብግነት መኖሩን የሚጠቁሙ የደም ምርመራዎች አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላሉ፤ ሆኖም ኢንፌክሽንና ካንሰርም ከፍ ያደርጓቸዋል። የጡንቻ ብግነት ከሆነ ከሕመሙ ይልቅ አቅም ማጣቱ ያይላል፣ ሲኬ የተባለው የጡንቻ ኢንዛይምም ይጨምራል፤ በፖሊማያልጂያ ግን ኢንዛይሙ ከጤናማ መጠኑ አይወጣም። የጣቶች መገጣጠሚያ እብጠት ወደ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያመለክታል፤ የታይሮይድ ዕጢ መድከምና ስታቲን የተባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶችም ጡንቻን ያሳምማሉ።

በቀን ከ12.5 እስከ 25 ሚሊግራም የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን ሕመሙን በጥቂት ቀናት ማስታገሱ ጥርጣሬውን ያጠናክራል እንጂ አያረጋግጥም፤ መድኃኒቱ ሌሎች ብግነቶችንም ያበርዳልና። ከሁሉም አስቸኳይ የሚሆነው ጃይንት ሴል አርተራይቲስ፣ ማለትም በተለይ የራስ ደም ቧንቧዎች ብግነት፣ አብሮ ሲከሰት ነው፤ አዲስ የራስ ምታት፣ ሲያኝኩ የሚሰማ የመንጋጋ ሕመም ወይም የእይታ መደብዘዝ የታየበት ሰው ዓይነ ስውር ሊሆን ስለሚችል፣ የደም ቧንቧ ናሙናው ውጤት ሳይጠበቅ ከፍ ያለ መጠን ያለው ስቴሮይድ ይጀመርለታል።