ከ40 በኋላ አብራሪ ለመሆን፦ የአሜሪካ የሥልጠና መንገዶች ከ1960 ወዲህ

በ2000 አንድ የ42 ዓመት አሜሪካዊ ሥራውን ቀይሮ የአየር መንገድ አብራሪ ልሁን ብሎ ቢነሳ፣ ሕጉ 60 ዓመት ሲሞላው ከመሪው ስለሚያስነሳው የቀሩት 18 ዓመታት ብቻ ነበሩ። በአንጻሩ 250 የበረራ ሰዓትና የንግድ አብራሪ ፈቃድ ካለው በረዳት አብራሪነት መቀጠርን ሕግ አይከለክለውም ነበር። ዛሬ ለዚያው ሰው 23 ዓመታት አሉት፤ የሚጠበቅበት ግን 1,500 ሰዓት ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የትኛው የሥልጠና መንገድ ይሻላል የሚለው ጥያቄ መልሱን ሲለዋውጥ የኖረው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮችና በቅጥር ገበያው ውጣ ውረድ ነው።

የ60 ዓመት ጣሪያ ሥራ ላይ የዋለው በ1960 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ትልልቆቹ አየር መንገዶች አብዛኞቹን አብራሪዎቻቸውን ያገኙ የነበረው ከጦር ኃይሉ ሲሆን፣ መንግሥት በከፈለለት ሥልጠና ብዙ ሰዓት የበረረ ወጣት መኮንን እያለ በራሱ ወጪ የተማረ ጎልማሳ ተመራጭ አልነበረም።

የ2001ዱ የመስከረም ጥቃት የቅጥር ገበያውን አናጋው። ዩናይትድና ዩኤስ ኤርዌይስ በ2002፣ ዴልታና ኖርዝዌስት በ2005 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አብራሪዎች ከሥራ ተቀነሱ። በታኅሣሥ 2007 ኮንግረስ የጡረታ ዕድሜውን ወደ 65 ሲያሳድግ ዘግይቶ ለሚጀምር ሰው አምስት ዓመት የተጨመረለት ይመስል ነበር። የቅርቡ ውጤት ግን ተቃራኒ ሆነ። እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ በዕድሜ ምክንያት የሚለቀቅ ወንበር ስላልነበረ፣ ከታች ያሉት ባሉበት ቆሙ።

ትልቁ መታጠፊያ የመጣው በየካቲት 12 ቀን 2009 ምሽት ነው። ከኒውርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረው የኮልጋን ኤር 3407 በረራ ለማረፍ ሲቃረብ ፍጥነቱ ወርዶ አንድ መኖሪያ ቤት ላይ ወደቀና 50 ሰዎች ሞቱ። ረዳት አብራሪዋ ከሲያትል ተነስታ ሌሊቱን በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ተሳፍራ ወደ ሥራዋ የመጣች መሆኗ፣ እንደ ኮልጋን ባሉ አነስተኛ አየር መንገዶች የጀማሪ ደመወዝ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር ብዙም የማይርቅ መሆኑ በምርመራው ለሕዝብ ተገለጠ። የሟች ቤተሰቦች ያለመታከት ባደረጉት ግፊት ኮንግረስ በ2010 ሕግ አወጣ፤ ከነሐሴ 2013 ጀምሮም ረዳት አብራሪው ጭምር የአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ይህም ማለት ለአብዛኛው ሰው 1,500 ሰዓት ነው። ከጦር ኃይል ለመጣ 750፣ በአቪዬሽን ዲግሪ ለተመረቀ 1,000 ሰዓት ይበቃል። ሁለቱም ቅናሾች ሌላ ሙያ ይዞ ለኖረ የ40 ዓመት ሰው የሚደርሱ አይደሉም።

በዚያ አደጋ የሞቱት ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ የነበራቸው በመሆኑ ሕጉ መድኃኒቱን አግኝቷል ወይ የሚለው ክርክር አልበረደም። በእኔ እምነት ትልቁ ውጤቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ርካሽ የሰው ኃይል ምንጩን አደረቀና ደመወዝን አስወደደ። በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት ብዙ አንጋፋዎች ያለ ጊዜያቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ እጥረቱ አፈጠጠ። በ2022 በአሜሪካን ኤርላይንስ ሥር ያሉት አነስተኛ አየር መንገዶች ለአንደኛ ዓመት ረዳት አብራሪ በሰዓት 90 ዶላር መክፈል ጀመሩ። ዴልታ በዚያው ዓመት የዲግሪ ግዴታውን አነሳ፤ ዩናይትድም አሪዞና ውስጥ የራሱን ማሠልጠኛ ከፈተ።

ከሁለቱ የሥልጠና መንገዶች ፈጣኑ የደመቀው ያን ጊዜ ነው። በዚህ መንገድ የሚሄዱ ሠልጣኞች ሥራ ትተው፣ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተበድረው፣ በአንድ ዓመት ገደማ ከምንም ተነስተው እስከ አስተማሪነት ይደርሳሉ፤ የቀረውን ሰዓት ሌላውን እያስተማሩ ይሞላሉ። በ2021 የገቡት ብድሩ አዋጥቷቸዋል። በቅጥር ቅደም ተከተል የሚወሰነው የማዕረግ ተራ ዕድሜ ስለማይጠይቅ፣ አንድ ዓመት መቅደም ለጎልማሳ ትልቅ ነገር ነው። በ2024 ግን የትልልቆቹ አየር መንገዶች ቅጥር ከቀደመው ዓመት ከግማሽ በታች ወረደ፤ ሰዓታቸውን ጨርሰው ጥሪ የሚጠብቁት ላይ ወለዱ መቁጠሩን አላቆመም። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ጣሪያውን ወደ 67 የማሳደጉን ሐሳብ ውድቅ አድርጎ 65ን አጸና።

ሁለተኛው መንገድ ደመወዝን ሳይለቁ፣ ቅዳሜና እሑድ በአቅራቢያ ካለ አነስተኛ የአውሮፕላን ማረፊያ በደረጃ መማር ነው። ተማሪው ሴስና 172 አውሮፕላን ሲከራይ ሂሳቡ የሚሰላው ሞተሩ በሠራበት ጊዜ ነው፤ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቆጣሪ በየስድስት ደቂቃው አንድ ቁጥር ይዘልላል። ገንዘብ ሲያጥር ማቆም፣ ሲገኝ መቀጠል ይቻላል። እስከ 250 ሰዓት ድረስ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ግን ገበያው ቢቀዘቅዝ የሚያጣው ጊዜ እንጂ ቤቱ አይደለም። ያለፉት 25 ዓመታት ማዕበሎች ከአንድ ሰው የሥልጠና ዘመን ባጠረ ጊዜ የሚገለባበጡ በመሆናቸው፣ ከ40 በኋላ ለሚጀምር ይህን መንገድ እመርጣለሁ።

በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎች ከተሞች ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ሰው ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት በትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር ተጣርቶ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ለሙያ ተማሪ በሚሰጠው ቪዛ የመጣ ደግሞ እያስተማረ ሰዓቱን በሙሉ መሙላት ስለማይችል 1,500ው ይርቀዋል። ቋሚ ነዋሪ ግን መሥራት ይችላል።

ከሁሉም በፊት የአንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራውን አድርጉ። ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ አብራሪ በየስድስት ወሩ የሚታደስ፣ በየዓመቱም የልብ ምርመራ የሚጠይቅ ነው። ያ የምስክር ወረቀት በእጃችሁ ሳይገባ የብድር ውል አትፈርሙ።