ኮምፒውተራችሁ ስንት ሰዓት ይላል?

ሊኑክስ ላይ ሶፍትዌር አልጫን ያለው ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የፓኬጁን ስም አይደለም። «ኮምፒውተርህ ስንት ሰዓት ይላል?» እላለሁ። ቀጥዬም «ትናንት መብራት ጠፍቶባችሁ ነበር?» ከዚያም «ዋይፋዩ ከመግባትህ በፊት ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል?» ብዙ ደዋዮች ጥያቄዎቹ ከጉዳያቸው ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ግራ ይገባቸዋል። እነሱ ከኢንተርኔት የለቀሙትን ትእዛዝ ሁሉ ተርሚናል ላይ ሞክረው፣ አንዱም አልሠራ ሲላቸው ነው ስልክ ያነሱት። እኔ ግን በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ የኡቡንቱ ማሽኖችን ስጠግን ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው፦ ፓኬጆችን የሚጭነው አፕት የተባለው ፕሮግራም የሚያወጣው የስህተት መልእክት አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ፓኬጁ አይደለም። ሰዓቱ ነው፤ ወይም መብራቱ፤ ወይም መስመሩ። መመሪያዎቹን የሚጽፉት ሰዎች መብራት እምብዛም በማይጠፋበትና ሰዓት ከእኩለ ሌሊት በሚቆጠርበት አገር ሆነው ስለሚጽፉ ስለነዚህ ነገሮች መጠየቅ ትዝ አይላቸውም። እኛ ልንጠይቅ ይገባል።

ሰዓቱ የእኛው የራሳችን ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ አፕት አፕዴት አላደርግ እንዳላት ነገረችኝ። መልእክቱ «የሪሊዝ ፋይሉ ገና አልጸናም፤ ሊጸና ከአምስት ሰዓት በላይ ይቀረዋል» የሚል ነው። የኮምፒውተሩን ሰዓት እንድታነብልኝ ጠየቅኋት።

«ሦስት ከሃያ። ትክክል ነው ጋሼ፣ የእጅ ሰዓቴም ሦስት ከሃያ ነው የሚለው።»

«ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን እንዳለ አንብቢልኝ።»

«ዜሮ ሦስት፣ ሁለት ነጥብ፣ ሃያ።»

ለእሷም ለእኔም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር። ማሽኑ ግን 03:20 ሲባል የሚገባው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው። በእሱ አቆጣጠር 09:20 ማለት ነበረበት። አንድ ቅን ሰው «ሰዓቱ ተዛብቷል» ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስተካክሎታል፤ ማሽኑም ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። ያን ዕለት ጠዋት ተፈርሞ የወጣ የፓኬጅ ዝርዝር ሲደርሰው፣ ከወደፊት የመጣ ሰነድ ሆኖ ታየው።

አፕት እዚህ ላይ ድርቅ የሚለው በምክንያት ነው። ፓኬጆች የሚወርዱበት እያንዳንዱ ማከማቻ ምን ምን ፓኬጅ እንዳለው የሚናገር፣ ቀን ያለውና የተፈረመ ዝርዝር አለው፤ የሪሊዝ ፋይሉ ይኸው ነው። አንዳንዱ ማከማቻ፣ ለምሳሌ የኡቡንቱ መሠረት የሆነው የዴቢያን የደህንነት ማከማቻ፣ ዝርዝሩ እስከ መቼ እንደሚያገለግልም ይጽፍበታል። ይህ የሆነው ክፉ ሰው መሃል ገብቶ የአምናውን ዝርዝር እያሳየ፣ ዘንድሮ የተደፈነውን የደህንነት ቀዳዳ ክፍት እንዳያስቀር ነው። የማሽኑ ሰዓት ወደኋላ ከቀረ ግን ጊዜው ያለፈበት ዝርዝር ትኩስ መስሎ ያልፋል። ስለዚህ አፕት ቀኑ ያልደረሰ ሰነድ ሲያይ ከሁለት አንዱ፣ ሰነዱ ወይም ሰዓቱ፣ እንደተሳሳተ ስለሚያውቅ ይቆማል። ይህን ፍተሻ በአንድ መስመር ማጥፋት ይቻላል፤ ብዙ መመሪያም ይህንኑ ይመክራል። እኔ አልመክርም። ያስተካከልነው ሰዓቱን ነው፦ የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ላይ መሆኑን አየን፣ ታይምዴትሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ ሰዓቱን በእጅ አስተካከልን፣ አፕትም ያለ ሌላ ቃል ሥራውን ቀጠለ። በነገራችን ላይ፣ ሰዓቱ ራሱን በኔትወርክ ሊያስተካክል ይገባ ነበር። ያልቻለው የግቢው ፋየርዎል 123 የሚባለውን የሰዓት ፖርት ስለዘጋው ነው። ይህ በብዙ ቢሮዎች ያለ ነገር ነው፤ የኔትወርክ ኃላፊውን ማስከፈት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሰዓት ማየት ለሚፈልግ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ የማሽኑ ሰዓት ግን አይነካ።

ዓመተ ምሕረቱንም በእኛ አቆጣጠር የሚሞላ አጋጥሞኛል። ያኛው ለመለየት ይቀላል፤ ማሽኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለሚሄድ ብሮውዘሩም አንድ ድረ ገጽ አልከፍት ይላል፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይቆማል። የሚያስቸግረው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለዋ፣ ስትሞት ነው። ድሮ ባትሪዋ ስትሞት ኮምፒውተሩ ከተሠራበት ዘመን አካባቢ ያለ ቀን ይዞ ይነሳ ስለነበር በአንድ እይታ ይታወቅ ነበር። አሁን ግን ኡቡንቱ የመጨረሻውን ሰዓት ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲነሳም ቢያንስ ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ዓርብ ማታ የጠፋ ማሽን ሰኞ ጠዋት ሲከፈት «ዓርብ ማታ ነው» ብሎ ይነሳል። ዓመቱ ልክ ነው፣ ወሩ ልክ ነው፣ ዐይን አይይዘውም። አፕት ብቻ ነው «ሁለት ቀን ይቀረዋል» ብሎ የሚነግራችሁ። ይህን መልእክት ሰኞ ሰኞ የምታዩ ከሆነ ባትሪዋን ቀይሩ።

ወደ መብራቱ ልለፍ። አፕት ሥራውን በደረጃ ይሠራል። ፓኬጁን ያወርዳል፤ ከዚያ ዲፒኬጂ የሚባለው ከሥሩ ያለው ፕሮግራም ይፈታዋል፤ በመጨረሻ ያዋቅረዋል። የትኛው ፓኬጅ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይመዘገባል። ፓኬጁ እየወረደ ሳለ መብራት ቢጠፋ ብዙ አይጎዳም፤ አፕት የጀመረውን ፋይል ካቆመበት ይቀጥላል፣ የከፈላችሁበት ዳታ አይባክንም። ሲፈታ ወይም ሲያዋቅር ከጠፋ ግን ግማሹ ገብቶ ግማሹ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ አፕት ስትሉ ዲፒኬጂ መቋረጡን ይነግራችኋል፤ በዚያው መስመር ላይ ምን ብላችሁ እንደምትጽፉም ራሱ ይጽፍላችኋል። የተጻፈውን እንዳለ መጻፍ ነው፤ የቀረውን ማዋቀር ከዚያው ይጨርሳል።

ይህችን አንድ መስመር ባለማንበብ ሙሉ ኮምፒውተር ፎርማት ሲደረግ ማየት ያመኛል። የተማሪ ሥራ፣ የፈተና ውጤት፣ የተስተካከለ ፕሪንተር ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ መፍትሔው ግን ደቂቃዎች የሚፈጅ ነበር። የመዝገቡ ፋይል ራሱ ቢበላሽ እንኳ ተስፋ አይቆረጥም፦ ከጎኑ የቀድሞው ቅጂ አለ፤ «ባክአፕስ» በሚለው ፎልደር ውስጥም ሥርዓቱ ራሱ ያስቀመጣቸው የቀደሙ ቅጂዎች ይገኛሉ። የደህናውን ቀን ቅጂ መልሶ ማስቀመጥና ከዚያ ወዲህ የገቡትን ጥቂት ፓኬጆች እንደገና መጫን በቂ ነው። መብራት አስተማማኝ ባልሆነበት ቦታ ደግሞ ማውረዱንና መጫኑን እለያያለሁ። አፕት «አውርደህ ብቻ አስቀምጥ» የሚባልበት አማራጭ አለው። ረጅሙ ሥራ፣ ማውረዱ፣ መብራት ቢጠፋበትም ካቆመበት ይቀጥላል፤ አደገኛዋ አጭር ሰዓት ግን ዩፒኤሱ ሞልቶ፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ ትሆናለች።

ጠዋት ጠዋት የሚደወልልኝ ሌላው ጉዳይ «ቁልፉን ማግኘት አልቻልኩም፣ ሌላ ፕሮሰስ ይዞታል» የሚለው ነው። ኡቡንቱ የደህንነት ዝማኔዎችን በራሱ ጊዜ የሚጭን ፕሮግራም አለው። ሥራው በየቀኑ ማለዳ እንዲሆን የተቀጠረ ነው፤ በዚያ ሰዓት የኛ ቢሮ ኮምፒውተር ጠፍቷል። ስለዚህ ሠራተኛው ገብቶ ማሽኑን ሲከፍት ያለፈው ቀጠሮ ይነሳና ሥራውን ይጀምራል፤ መስመሩ ቀርፋፋ ከሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ኢንተርኔት ላይ የተለመደው ምክር «የቁልፉን ፋይል ደምስሰው» የሚል ነው። ያንን ስታደርጉ የመጀመሪያው ፕሮግራም አይቆምም፤ ሁለተኛው ይጨመርበታል፣ ሁለቱም በአንድ መዝገብ ላይ እኩል ይጽፋሉ። መልእክቱ የያዘውን ፕሮሰስ ስምና ቁጥር ይነግራችኋል። እየሠራ መሆኑን አይታችሁ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ።

መስመርን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሆቴልና በግቢ ዋይፋይ ላይ ስም ሳታስገቡ አፕትን ካስነሳችሁ፣ የፓኬጅ ዝርዝር ሲጠብቅ የመግቢያውን ድረ ገጽ ይቀበላል። ፊርማ የሌለው ነገር ስለሆነ ይጥለዋል፤ መልእክቱም ከአንድ ዝብርቅርቅ ቃል ቀጥሎ «ይህ ኔትወርክ መግቢያ ይጠይቃል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። በእውነት ይጠይቃል፤ የአፕት ሠሪዎች ያሰቡበት ነገር ነው። ብሮውዘር ከፍቶ መግባት ነው መድኃኒቱ። ብዙ ማሽን ላላቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ አፕት-ካቸር-ኤንጂ የሚባለውን አንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ እላለሁ። የመጀመሪያው ማሽን ያወረደውን ይይዝና ለቀሩት ከውስጥ ኔትወርክ ያድላል፤ አንድ ፓኬጅ ከውጭ የሚመጣው አንዴ ብቻ ይሆናል።

ኢንተርኔት የሌላቸው በፍላሽ የመጣ ዴብ ፋይል በዲፒኬጂ ይጭናሉ። እነዚህ ሳያውቁት ወደ ፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ ተመልሰዋል። ኢያን መርዶክ ዴቢያንን በ1993 ሲጀምርና ዲፒኬጂ በቀጣዩ ዓመት ሲመጣ፣ ተጠቃሚው አንዱ ፓኬጅ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች፣ እነሱ ደግሞ የሚፈልጓቸውን፣ ራሱ እየፈለገ ማሟላት ነበረበት። አፕት የተሠራው ይህን ልፋት ለማቅለል ነው፤ በ1999 ከወጣው ዴቢያን 2.1 ጋር ለሰው ደረሰ። ስለዚህ አንድ ዴብ ብቻ በፍላሽ ካመጣችሁ ጭነቱ መሃል ላይ ይቀራል። ከዚያ አፕትን «የተሰበረውን ጠግን» ስትሉት፣ የጎደለውን የሚያመጣበት ኢንተርኔት ስለሌለው፣ ፓኬጁን ራሱን ላንሳው ይላል። ብዙዎች ይህን እንደ ብልሽት ያዩታል፤ አፕት ግን ይህን የሚለው ሌላ መንገድ ስለሌለው ነው። ፍላሹ ላይ ፓኬጁን ከሚፈልጋቸው ሌሎች ፓኬጆች ሁሉ ጋር ይዞ መምጣት ያስፈልጋል፤ የሚሰበሰበውም ያንኑ የኡቡንቱ ቁጥር በያዘ ሌላ ማሽን ላይ ነው።

ፓኬጁ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ የለም አልልም። በፈረንጆቹ 2021፣ ሊነስ ሴባስቲያን የሚባለው ታዋቂ ካናዳዊ ዩቲዩበር ፖፕ ኦኤስ በሚባል ሊኑክስ ላይ የጨዋታ ፕሮግራሙን ስቲምን ሊጭን ሲሞክር የሆነው እንደዚያ ነው። የማከማቻው ፓኬጆች እርስ በርስ አልገጥም ብለው ስለነበር፣ አፕት ስቲምን ለማስገባት ዴስክቶፑን ማንሳት እንዳለበት አሰላ። የሚነሱትን ፓኬጆች ዘረዘረ፣ አደገኛ መሆኑን ጻፈ፣ ለመቀጠል «አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ!» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር በእጅ እንዲጻፍ ጠየቀ። ሰውዬው ጻፈው፤ ዴስክቶፑም ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ አፕት ይህን መንገድ ይበልጥ አጠበበው። እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት አንድ ልማድ አለ፦ አፕት «ልቀጥል?» ሲል የሚገቡትን ሳይሆን «የሚነሱ» የሚለውን ዝርዝር ነው የማነበው። እዚያ ውስጥ ያልጠበቅኩት ስም ካለ የ«Y»ን ፊደል አልነካም።

የፓይተን ተማሪዎችም እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ያጋጥማቸዋል። ከዴቢያን 12 ጀምሮ፣ ማለትም ከፈረንጆቹ 2023 ወዲህ፣ ፒፕ የሚባለው የፓይተን መጫኛ በሥርዓቱ ፓይተን ውስጥ ላይብረሪ አልጭንም ይላል፤ የኡቡንቱም አዳዲስ እትሞች እንዲሁ። መልእክቱ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ፍጠሩ ይላል፤ ከታች ደግሞ ክልከላውን የሚያልፍ አማራጭ ይጠቅሳል፤ የአማራጩ ስም ራሱ የሥርዓቱን ፓኬጆች እንደሚሰብር ይናገራል። ተማሪዎቼ የሚገለብጡት የታችኛውን ነው። የላይኛውን እንዲያደርጉ አጥብቄ እለምናቸዋለሁ፤ የኡቡንቱ ብዙ የውስጥ ፕሮግራሞች በዚያው ፓይተን ላይ የቆሙ ናቸውና።

እርዳታ ስትጠይቁ ስክሪኑን በስልክ አንስታችሁ በቴሌግራም አትላኩ። ፎቶው ሁልጊዜ የሚይዘው የታችኛውን ግማሽ ነው፤ ምክንያቱ የተጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ከላይ፣ አልፎ በሄደው መስመር ላይ ነው። ጽሑፉን ከትእዛዙ ጀምራችሁ ኮፒ አድርጉ። «ሎግ» ፎልደር ውስጥ፣ አፕት በሚለው ሥር፣ «ሂስትሪ» የሚባል ፋይል አለ፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ትእዛዝ ሰጥቶ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ ይመዘግባል። እሱንም ጨምሩ። ከሁለቱ ጋር ኮምፒውተሩ የሚያሳየውን ቀንና ሰዓት እንዳለ፣ ሳታስተካክሉ፣ ጻፉልኝ።