የአንጎል አሳዳጊ ፕሮቲኖች

መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አርብ ሌሊት የሶማሌላንዷ ሐርጌሳ ዋሄን ገበያ ሲጋይ፣ ከተማው የእሳት አደጋ መኪና አላጣም ነበር። የቸገረው መግቢያው ነው። ሱቅ ከሱቅ፣ መደብ ከመደብ ተጣብቆ በተሠራው ገበያ ውስጥ መኪኖቹ እንደ ልብ ማለፍ አልቻሉም። እሳቱ እስኪነጋ ነደደ።

ስለ ስትሮክ ሳነብ ያ ሌሊት ደጋግሞ ይታወሰኛል። ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር ሲደፈን፣ ከመሃል ያሉት የነርቭ ሴሎች በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ፤ እነዚያን የሚመልስ የለም። በዙሪያቸው ግን ደም ያነሰው፣ ሥራውን ያቆመ፣ ሆኖም ነፍሱ ያልወጣ ክፍል ይቀራል። ሕክምናው ሁሉ የሚሮጠው ይህን ዳር ለማትረፍ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጄፍሪ ሴቨር በ2006 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በእ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጡት ስሌት፣ ትልቅ የደም ሥር ተደፍኖ ሳይታከም በቆየ ቁጥር በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴል ይጠፋል።

የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ለስትሮክ እንደሚጠቅም በ1995 ታይቷል። በአብዛኛው የሚሰጠው ግን ሕመሙ ከጀመረ በ3 ሰዓት፣ ቢበዛ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን አንጎሉ እንዳልደማ ከተረጋገጠ በኋላ። የፈነዳ የደም ሥር ላለበት ሰው ይህ መድኃኒት መርዝ ነው፤ በአፍሪካ ደግሞ ደም የሚፈስበት ስትሮክ ድርሻ ከአውሮፓ ይበልጣል። ዋሄን ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው አፉ ተጣሞ፣ ክንዱ ዝሎ ቢወድቅ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ መኪና ተፈልጎ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ያ ጊዜ ማለፉ አይቀርም። በባሕር ዳርም፣ በጅግጅጋም የብዙ ሰው ዕጣ ይኸው ነው። ተመራማሪዎች አንጎል ራሱ የሚሠራቸውን አሳዳጊ ፕሮቲኖች፣ ግሮውዝ ፋክተር የሚሏቸውን፣ አጥብቀው የሚያጠኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የነገሩ መነሻ ጣሊያናዊቷ ሐኪም ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ናቸው። ኢትዮጵያን በመርዝ ጋዝ የወጋው የሙሶሊኒ አገዛዝ በ1938 በአይሁድ ላይ ባወጣው የዘር ሕግ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ተባረሩ። በ1940፣ የዚያው አገዛዝ ጦር ሐርጌሳን በያዘበት ዓመት፣ ቱሪን ውስጥ በመኝታ ክፍላቸው ትንሽ ላቦራቶሪ አቋቁመው የጫጩት ፅንስ ነርቮችን ማጥናት ጀመሩ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ተሻግረው ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1952 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ከአይጥ ዕጢ አጠገብ ያስቀመጡት የነርቭ ቁራጭ እንደ ፀሐይ ጨረር በየአቅጣጫው ክር ሲያበቅል አዩ። ዕጢው የሚያመነጨውን ያንን ነገር ከስታንሊ ኮኸን ጋር ሆነው አጠሩት፤ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ በ1986 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ሪታ ከመንትያ እህታቸው ጋር በ1992 ያቋቋሙት ድርጅት ደግሞ በተለይ የአፍሪካ ሴቶች እንዲማሩ ረድቷል፤ ይህን በልዩ አክብሮት አነሳዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች አሳዳጊ ፕሮቲኖችም ተገኙ። በአንጎል ውስጥ ጎልቶ የሚሠራው ቢዲኤንኤፍ የተባለው ሲሆን፣ በ1982 ሙኒክ ውስጥ ከአሳማ አንጎል ተጣርቶ ወጣ። እነዚህ ፕሮቲኖች ከሴሉ ገጽ ላይ ካሉ ተቀባዮች ጋር ይገጥማሉ፤ ያኔ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዘው ሂደት ይገታል፣ አዲስ ቅርንጫፍ ማብቀልም ይጀምራል። ስትሮክ እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ውጤቱ የሚያስደስት ነበር፤ የሞተው ክፍል ስፋት ቀነሰ።

በሰው ላይ ግን አልተደገመም። ኤፍጂኤፍ ሁለት የተባለውን ፕሮቲን በ286 የአውሮፓና የአውስትራሊያ ሕሙማን ላይ የፈተነው ጥናት ሳይጠናቀቅ ቆመ። ደም እንዲመረት የሚያዘው፣ የነርቭ ሴልንም የሚጠብቀው ኤሪትሮፖይቲን በ40 ሰዎች ላይ ሲሞከር ትልቅ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በጀርመን በ522 ሰዎች ላይ ሲፈተን ግን፣ ውጤቱ በ2009 እንደወጣው፣ ከወሰዱት 16.4 በመቶ ሲሞቱ ካልወሰዱት የሞቱት 9 በመቶ ነበሩ። ከሕሙማኑ ብዙዎቹ የደም ማሟሚያውንም አብረው ወስደው ነበር።

ለምን? አንደኛው መልስ የዋሄን መልስ ነው። አንጎል በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ ጥብቅ አጥር አለው፤ እንደ ቢዲኤንኤፍ ያለ ትልቅ ፕሮቲን በክንድ ቢወጋ ደም ውስጥ በደቂቃዎች ይበተናል እንጂ ከሚነደው ቦታ አይደርስም። ሁለተኛው ጊዜ ነው። አዲስ የደም ሥር የሚያበቅለው ቪኢጂኤፍ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሰጥ ሥሮቹ ፈሳሽ እንዲያሾልኩ አድርጎ አንጎሉን ያሳብጣል፤ ዘግይቶ ሲሰጥ ግን፣ በአይጦች እንደታየው፣ ያው ፕሮቲን ይጠቅማል።

እኔ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው እላለሁ። አሳዳጊ ፕሮቲኖች ለእሳት ማጥፊያነት ሲሞከሩ ከሸፉ፤ እውነተኛ ሙያቸው መልሶ መገንባት ነው። ግንባታው ደግሞ ለሰዓታት ሳይሆን ለሳምንታትና ለወራት ይዘልቃል። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላለፉበት የሐርጌሳ ሕመምተኛ ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ምክንያቱም አንጎሉ ፕሮቲኑን ራሱ ይሠራዋል፣ እንዲሠራው የሚያዘው ደግሞ ልምምድ ነው። ካናዳ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ስትሮክ የደረሰባቸው አይጦች እግራቸውን በማለማመድ አገገሙ፤ አንጎላቸው ቢዲኤንኤፍ እንዳይሠራ ሲታገድ ግን ያው ልምምድ ፍሬ አላፈራም።

ልምምዱም ጊዜ አለው። በ2015 የወጣው አቨርት የተባለ ሰፊ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሕመምተኛን ደጋግሞ ማስነሳት እንደሚጎዳ አሳይቷል። ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናት ግን ሰውየውን "ይረፍ" ብሎ በፍራሽ ላይ መተው፣ እኛም ሆንን ሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን ከፍቅር የምናደርገው ነገር፣ ሊያገግም የሚችለውን ክንድ ያሳጣዋል። ዳግመኛ እንዳይወድቅ ደግሞ የደም ግፊቱ መለካት፣ መድኃኒቱም መቀጠል አለበት። ከአወዳይ ተጭኖ በቶጎ ውጫሌ በኩል በየቀኑ ሐርጌሳ የሚገባው ጫት ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ ስትሮክ ለያዘው ሰው ይህን ሳይሸፋፍኑ መንገር ይገባል።

ለክንድ ከተመሰከረላቸው ልምምዶች አንዱ ምንም ማሽን አይፈልግም። በ2006 ውጤቱ የወጣው ኤክሳይት የተባለው የአሜሪካ ጥናት ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸውን 222 ሰዎች አሳትፏል። ጤነኛው እጅ በወፍራም ጓንት ተሸፍኖ ከአገልግሎት እንዲወጣ ተደረገ፤ ሰዎቹ ለ2 ሳምንት የነቁበትን አብዛኛውን ሰዓት በደካማው እጅ ብቻ ሲሠሩ፣ በየቀኑም ከባለሙያ ጋር ለሰዓታት ሲለማመዱ ቆዩ። ይህን የሚችለው ደካማው እጁ ጣቶቹን ጥቂትም ቢሆን የሚዘረጋለት ሰው ነው። መሻሻሉ ከአንድ ዓመት በኋላም አልጠፋም። ሶማሌላንዳዊቷ አዋላጅ ነርስ ኤድና አዳን ኢስማኢል በ2002 ሐርጌሳ ውስጥ በከፈቱት ሆስፒታል እንደሚሠለጥኑት ያሉ ነርሶች ይህን ልምምድ ቢማሩት፣ ወደ ቤት የሚመለሰውን ሰው ሚስቱና ልጆቹ ብርጭቆ በማስነሳት፣ አዝራር በማስቆለፍ፣ ሳንቲም በማስለቀም ማለማመዱን ሊቀጥሉ ይችላሉ።