በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር የእርግዝና መከላከያ፦ ማስገባትም ማስወጣትም የተገልጋይ መብት ነው

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ እርግዝናን ከ99 በመቶ በላይ ይከላከላል። ኢምፕላኖን ለ3 ዓመት፣ ጃዴል ለ5 ዓመት ያገለግላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኢምፕላኖን ለማስገባት ሲሠለጥኑ ቆይተዋል፤ ስለሆነም እንደ ቢሎ ኖፓ ባሉ የኢሉባቦር ወረዳዎች የሚኖሩ እናቶች እስከ መቱ ሳይጓዙ በቀበሌያቸው ጤና ኬላ መጠየቅ ይችላሉ።

ማስወጣት ግን በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል፣ በሠለጠነ ባለሙያ ይከናወናል። ጊዜው እስኪያልቅ የመጠበቅ ግዴታ የለብዎትም፤ በፈለጉ ጊዜ ማስወጣት ይችላሉ። ከወጣ በኋላ የማርገዝ ችሎታ ወዲያው ይመለሳል።

የወር አበባ መዛባት ሊያጋጥም ይችላል። ደም መፍሰሱ ከበዛ ወይም ክንድዎ ካበጠ ባለሙያ ያማክሩ። መከላከያው ኤች አይ ቪን ስለማይከላከል ኮንዶም ይጠቀሙ። አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለክፍያ ይሰጣል።