ምዕራፍ ሰባት፦ ሁለተኛው ባለቤት

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ባሉት አብያተ ክርስቲያናቶቻችን ቅጥር፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴው እስኪፈጸም ድረስ ተሰልፈው የሚቆዩትን መኪናዎች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከካምሪው ከፍ፣ ከላንድ ክሩዘሩ ዝቅ ብሎ የቆመውን፣ ሌክሰስ አርኤክስ የተባለውን መኪና ሳያይ አይመለስም። ከነዚህም ብዙዎቹ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ያገለገሉ፣ የቀድሞ ባለቤታቸውን ስም አሁን የሚነዳቸው ሰው የማያውቀው ናቸው። ስለ አዲስ መኪና የሚናገር ሻጭም ጋዜጣም ሞልቷል፤ ያገለገለ የቅንጦት መኪና ገዝቶ ከእርሱ ጋር ዓመታትን ስለሚያሳልፈው ስለ ሁለተኛው ባለቤት ግን የሚያስብ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ይህን ምዕራፍ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

አስቀድሞ ይህ የመኪና ዓይነት ከወዴት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። ከመሬት ከፍ ያለ መኪና በቀድሞው ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እንደ ጭነት መኪና ነበር፤ ይኸውም አካሉ ለብቻው ተሠርቶ በከባድ ሻንሲ ላይ ይቀመጥ ነበርና፣ ለገደልና ለጭቃ የታመነ ቢሆንም በአስፋልት ላይ ተሳፋሪውን ያንገላታ ነበር። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በጃፓን ሀሪየር፣ በ1998 ደግሞ በአሜሪካ ሌክሰስ አርኤክስ 300 ብሎ ያወጣው መኪና ግን አካሉና ሻንሲው እንደ ካምሪ አንድ ሆኖ የተዋሐደ፣ ቁመቱን ብቻ ከጂፕ ወገን የወሰደ ነበር፤ ክሮስኦቨር መባሉም ከሁለት ወገን በመወለዱ ነው። በ2003 አርኤክስ 330 ወጣ፤ በዚያው ዓመትም በካናዳ በካምብሪጅ ከተማ መሠራት ስለ ጀመረ፣ ከጃፓን ውጭ የተሠራ የመጀመሪያው ሌክሰስ ለመሆን በቃ። በ2005 ቤንዚንንና ኤሌክትሪክን አስተባብሮ የሚሄደው 400ኤች፣ ቀጥሎም ባለ 3.5 ሊትሩ 350 ተከተሉ።

ባለቤቶቹ ስለ መኪናው ሲጠየቁ አስቀድመው የሚያነሡት የሞተሩን ኃይል አይደለም፤ የመቀመጫውን ከፍታ ነው። እናቴ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከአገር ቤት መጥተው ከእኔ ጋር መኖር በጀመሩ ጊዜ፣ በጉልበታቸው ሕመም ምክንያት ወደ ዝቅተኛ መኪና መጎንበስ፣ ወደ ረጅሙም መኪና መውጣት እኩል ተስኗቸው ነበር። የዚህ መኪና መቀመጫ ግን ከወገባቸው ትይዩ ስለ ሆነ፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው እንደ ወንበር ይቀመጡና እግራቸውን ያስገባሉ፤ የሰው ድጋፍ ሳይሹ በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከቻሉበት ቀን ጀምሮ በገጻቸው ላይ ያየሁት ደስታ በዋጋ የሚተመን አይደለም። በመስታወቱና በበሩ ላስቲክ አሠራር የተነሣ የመንገዱ ጩኸት ወደ ውስጥ እምብዛም አይገባምና፣ ከኋላ ወንበር ሆነው ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ፣ በሰዓት 60 ማይል እየተጓዝን፣ ቃሉ አንድ በአንድ ይሰማኛል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ሐተታ እንግባ። የቅንጦት መኪና ዋጋው በዘመን ብዛት ሲወርድ፣ የመለዋወጫውና የባለሙያው ዋጋ አብሮት አይወርድም፤ አርባ ሺሕ ዶላር የወጣበት መኪና ከዐሥር ዓመት በኋላ በዐሥር ሺሕ ቢገኝ እንኳ፣ የሚጠይቀው ጥገና የአርባ ሺሕ ዶላሩ መኪና ጥገና ሆኖ ይቀራል። ለምሳሌ ያህል ካንዴላውን እንመልከት። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር ኖሮት በኮፈኑ ሥር ወደ ጎን ተጋድሞ ስለ ተቀመጠ፣ ሦስቱ ካንዴላዎች ከፊት በቀላሉ ሲገኙ፣ ሦስቱ ግን ከኋላ፣ በመስታወቱ በኩል፣ በአየር ማስገቢያው ዕቃ ሥር ተሸሽገዋል፤ ስለዚህም እነርሱን ለመለወጥ የላይኛውን ዕቃ ሁሉ ማንሣት የግድ ይሆናል። ካንዴላው ራሱ ርካሽ ሲሆን ሰዓቱ ውድ ነው። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ገዢ በመጀመሪያው ዓመት ይደነግጣል፤ ከዋጋው ላይ ለመጀመሪያው ጥገና የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ያስቀመጠ ግን በሰላም ያድራል።

ከዚህም የሚበልጠው ነገር፣ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከብረቱ ጋር የፊተኛውን ባለቤት ጠባይ አብሮ መግዛቱ ነው። ዘይት በሞተር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ሲቆይ፣ በሙቀት ብዛት ይወፍርና እንደ ቀለጠ ሬንጅ ሆኖ የዘይቱን መተላለፊያ ይደፍናል፤ ያን ጊዜ የሞተሩ ላይኛው ክፍል ዘይት አጥቶ ብረት ከብረት ይፋጫል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2002 ከተሠሩት የቶዮታና የሌክሰስ ሞተሮች አንዳንዶቹ፣ የአርኤክስ 300 ባለ ሦስት ሊትር ሞተርም ጭምር፣ በዚህ ደለል በመጠቃታቸው ኩባንያው በ2002 ለባለቤቶቹ የተለየ ዋስትና ሰጥቶ ነበር። ያ ዋስትና ዘመኑ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ መድኀኒቱ ግን ዛሬም ያው ነው፤ የዘይቱን መክደኛ ከፍቶ በመብራት ወደ ውስጥ መመልከት፣ ዘይቱ የተለወጠባቸውንም ደረሰኞች መጠየቅ።

አንድ ወዳጄ በአንድ ቀን ሁለት መኪናዎች አይቶ ነበር። አንደኛው ቆዳው የሚያበራ፣ ታጥቦ የተወለወለ፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነበር፤ ሁለተኛው የጎኑ ቀለም የተጫረ፣ መቀመጫው የተጨማደደ ሲሆን፣ ባለቤቱ አንዲት አረጋዊት በመኪናው ላይ የተደረገውን ሥራ ሁሉ የሚያስረዳ የወፈረ ፖስታ አቀረቡለት፤ የካምቢዮው ዘይት እንኳ ሁለት ጊዜ ተለውጦ ነበር። ወዳጄ አንድ ሺሕ ዶላር ጨምሮ የተጫረውን ገዛ፤ ሰባተኛ ዓመቱን ይዞታል። ይህን ፍርዱን እጅግ አደንቃለሁ፤ ምክንያቱም የካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ ይቆያል የሚለውን ወሬ አምነው ያልለወጡ ብዙዎች ናቸው፤ ካምቢዮውም የሚታመመው በአብዛኛው ከእጃቸው ከወጣ በኋላ፣ በሁለተኛው ባለቤት ዘመን ነው።

ገዢው በዓይኑ ሊመረምራቸው የሚገቡ ጥቂት ምልክቶች አሉ። በ300ውና በ330ው ሞተሩን የሚያቀናጀው የላስቲክ ቺንጋ ስለ ሆነ፣ በ90,000 ማይል ግድም መለወጡን የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለ እንዳልተለወጠ መቁጠር ይገባል፤ በ350ው ግን በብረት ካቴና ተተክቷል። በመጀመሪያዎቹ የ350 ዓመታት ዘይት ወደ ሞተሩ ራስ የሚወስደው ቧንቧ ከፊሉ ላስቲክ ነበር፤ ያ ላስቲክ ሲያረጅ ይፈነዳና ሞተሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዘይቱን ሁሉ ያፈሳልና፣ በብረት ቧንቧ መተካቱን መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ያረጋግጥ። በውሃ ፓምፑ ዙሪያ የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ከታየ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ቀስ በቀስ እየወጣ መድረቁን ይመሰክራል፤ ፈሳሹ በፋብሪካው ሮዝ ቀለም የተሰጠው ነውና ራሱን ይገልጣል። በአየር የሚነፋ ሞላ ያለው ከሆነ፣ ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር በአንድ ወገን ተንበርክኮ እንደ ሆነ በማለዳ ሄዶ ማየት ይጠቅማል። የመኪናውን 17 ፊደልና ቁጥር ለመንግሥቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አስገብቶ፣ ያልተፈጸመ የደኅንነት ጥሪ እንዳለ ማወቅም ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

በአራቱም ጎማ የሚነዳውን የገዛ ሰው፣ አንድ ጎማ ሲፈነዳ አንዱን ብቻ በአዲስ መተካት አይገባውም፤ የአዲሱና የአሮጌው ዙሪያ ስለማይተካከል፣ ኃይሉን የሚያካፍለው ዕቃ በየሜትሩ ልዩነቱን ለማስታረቅ ሲደክም ይጎዳል። በበረዶ ጊዜም ይህ መኪና በመነሣት ብርቱ መሆኑ በመቆም ብርቱ አያሰኘውም፤ የሚያቆመው ፍሬኑና ጎማው ነውና። በመንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ከሥሩ ያለውን ብረት ስለሚበላ፣ ክረምቱ ሲወጣ የመኪናውን ሆድ ማሳጠብ ከላይኛው ውበት ይቀድማል። የ400ኤች ባለቤት ደግሞ ባትሪው ከኋላው መቀመጫ ሥር መሆኑን አይርሳ፤ አየር የሚስብበትን ቀዳዳ በሻንጣና በልብስ ቢደፍነው ባትሪው በሙቀት ያረጃል። መኪናውን ነድተው ሲጠግቡ ወደ አገር ቤት ሊልኩት ያስቡ የነበሩም አሉ፤ ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለ ከለከለች፣ ይህ አሳብ ለአሁኑ ተዘግቷል።

እኔ በበኩሌ በመኪናው የፊት መሳቢያ ውስጥ አንድ ትንሽ ደብተር አኑሬአለሁ። ዘይት በተለወጠ ቁጥር ቀኑንና ማይሉን፣ ጎማ በተዘዋወረ ቁጥር የትኛው ወደ የት እንደ ሄደ፣ ያልለመድሁት ድምፅ በሰማሁ ጊዜም በየትኛው መንገድና በምን ያህል ፍጥነት እንደ ተሰማ እጽፋለሁ። መኪናውን ስገዛ የፊተኛው ባለቤት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስላልተወልኝ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ሁሉ ጥያቄ ነው፤ ቺንጋው መቼ ተለወጠ? የካምቢዮው ዘይትስ? ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ ከጎናቸው መልስ አግኝተዋል። የመጨረሻው መስመር የፊት ፍሬን ሸራ መለወጡን የሚናገር ሲሆን፣ ከእርሱ በታች በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ አለ፤ ዘይቱ ከትንሣኤ በፊት ይለወጥ፤ እናቴን ሌሊት አድርሼ ሌሊት የምመልስበት ቀን ነውና።