የላንድክሩዘር ሞተር በግቢ ውስጥ ሲወርድ

ወለጋ ውስጥ ሞተር ለማውረድ ጥሩው ጊዜ ከጥር አጋማሽ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጊምቢ፣ ነጆና ደምቢ ዶሎ ዙሪያ ቡና ይለቀማል፣ ይሰጣል፣ ይጫናል፤ ፒክአፕ ያለው ሰው መኪናውን ለአንድ ቀን እንኳ ማቆም አይሆንለትም። ሞተሩ ቢያጨስም፣ ዘይት ቢበላም እያስታመመ ይነዳዋል። ቡናው ተሽጦ ገንዘብ እጁ ሲገባና ግቢው ሲደርቅ የመኪናው ተራ ይደርሳል። የነቀምቴ ዝናብ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። ጭቃ ላይ ክሪክ ይሰምጣል፣ የተተከለ አጣና ይንሸራተታል፣ የተከፈተ ሞተር ውስጥ ውሃ ይገባል። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ የተጀመረ ሥራ ግማሹ እንደተሠራ ይቆጠራል።

መኪናው የድሮው ላንድክሩዘር ፒክአፕ ነው፤ ክረምት ላይ አውቶቡስ በማይደፍረው የጊዳሚና የቤጊ መንገድ ጭነቱንም ሰውንም ይዞ የሚወጣው። 45 እና 47 የሚባለው ትውልድ እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ሲመረት ቆይቶ 75 የሚባለው ተተካ። በእነዚህ መኪኖች ኮፈን ሥር በብዛት ከሚገኙት ሞተሮች አንዱ ቱኤች ነው። ከ1980 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ 3980 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ነው። ቱርቦ የለውም፤ ከላይ ያሉትን ቫልቮች የሚያዘው ዘንግ በጥርስ እንጂ በቺንጋ አይዞርም። በ1990 እ.ኤ.አ. የተከተለው ዋንኤችዚ 4164 ሲሲ ሲሆን ቺንጋ አለው፤ ቺንጋው በጊዜው ካልተቀየረ ይበጠስና ሞተሩን ከነቫልቮቹ ያበላሻል። ሁለቱም ግን አንድ መልካም ጠባይ አላቸው፤ ሥራቸውን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር የለም። ሽቦዎቻቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ጥሩ መካኒክ መፍቻና ሶኬት፣ ክሪክ፣ ሰንሰለት ያለው ማንሻና ትዕግሥት ካለው በገዛ ግቢው ሊያወርዳቸው ይችላል።

በአሜሪካና በአውስትራሊያ የዚህ ዘመን ፒክአፖች ቅዳሜና እሁድ በየቤቱ የሚታደሱ የፍቅር ዕቃዎች ሆነዋል፤ ለማንሻው ጎማ ያለው ትንሽ ክሬን ይከራያሉ። እዚህ መኪናው ቤተሰብ ያስተዳድራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እጅ ላይ ያለው አሮጌ ብረት ዋጋው የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ባለፉት ዓመታት የጸጥታው ችግር መንገዱን በዘጋ ቁጥር መለዋወጫ የሚጠብቅ ሰው ቀናትንና ሳምንታትን ቆጥሯል። ግቢ ውስጥ መሥራትን ያስለመደው ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው።

ሞተሩን ምን ይገድለዋል? በዚህ አካባቢ ከሆነ መልሱ ብዙ ጊዜ ዴዴሳ ነው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል እስከ ዴዴሳ ወንዝ ወርዶ ድልድዩን ይሻገርና እንደገና ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ በደሌ የሚወስደውም እንዲሁ ሸለቆውን ይቆርጣል። ሸለቆው ሞቃት ነው፣ ዳገቱ ረጅም ነው፣ ጭነቱ ከባድ ነው። ወደ 2080 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ነቀምቴ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን በግፊት አፍኖ የመፍላቱን ልክ ከፍ ያደርገዋል፤ የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ግፊቱ ይጠፋል፣ ውሃው ዳገቱ መካከል ይፈላል። በጥቂት ብር የሚቀየር ክዳን ተረስቶ ሞተር የሚያስወርድ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የወንዝ ውሃ ብቻ እየሞሉ መንዳትም ሌላው ገዳይ ነው፤ ደለሉና ዝገቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል።

ስለዚህ መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ምርመራ ያስፈልጋል፤ ሳያስፈልግ የወረደ ሞተር ብዙ ነውና። ጥቁር ጭስ ብቻውን ሞተር አያስወርድም። በነቀምቴ ከፍታ ሞተሩ የሚያገኘው አየር በባሕር ጠለል ከሚገኘው አምስት እጅ አራቱ ያህል ነው፤ ፖምፓው ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ናፍጣው ይበዛበትና ያጠቁራል። የአየር ፊልትሮ መዘጋትም ያንኑ ያደርጋል። ሰማያዊ ጭስ ሌላ ነገር ነው፤ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻዎቹ አልቀው ግፊቱ ወደ ታች እያመለጠ ነው። የሲሊንደሮቹ ግፊት አንድ በአንድ ሲለካ ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ብቻ ደክመው ከተገኙ መጠርጠር ያለበት በመካከላቸው የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ነው፤ ያ ደግሞ ሞተሩ ቦታው ላይ እያለ ቴስታታው ብቻ ተነስቶ ይሠራል። የዘይት ግፊት ወርዶ ከታች ወፍራም ድምፅ የሚያንኳኳ ሞተር ግን ምሕረት የለውም። ብሮንዚናው አልቋል፣ ኮሎው ተፍቆ ሊሆን ይችላል፣ ኮሎ ደግሞ ቶርኖ ቤት ሳይሄድ አይስተካከልም። ያኔ ሞተሩ ይወርዳል።

ሥራው የሚጀመረው በዋዜማው ነው። የጭስ ማውጫውን ቱቦ ከሞተሩ የሚያያይዙት ዳዶዎች ለዓመታት ተቃጥለው ዝገዋል፤ ማታ ዘይትና ናፍጣ ጠጥተው ካላደሩ ጠዋት ብሎኑ ይሰበራል፣ የተሰበረውን ለማውጣትም ግማሽ ቀን ይሄዳል። ጠዋት መጀመሪያ ባትሪው ይፈታል፤ ከኔጋቲቩ ተጀምሮ። ቀጥሎ ኮፈኑ። ማጠፊያው ያረፈበት ቦታ ዙሪያው በእርሳስ ከተሰመረ ሲመለስ አይጣመምም። ከዚያ ውሃው ከራዲያተሩም ከሞተሩ ጎንም፣ ዘይቱም ከኮፓው ይወርዳል። የዘይት ማጠራቀሚያውን ገና ሲወርድ ማየት ተገቢ ነው፤ ታች የሚያብረቀርቅ የብረት ዱቄት ካለ የብሮንዚናውን ጉዳይ ያረጋግጣል። ፀረ ዝገት ፈሳሽ የተቀላቀለበት ውሃ መሬት ላይ መፍሰስ የለበትም። ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ዶሮም ይጠጣዋል፣ መርዝ ነው፤ ሕፃን ያለበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ይባስ ያስፈራል።

ራዲያተሩ ከወጣ በኋላ ሞተሩ ፊት ለፊት ይታያል፤ ቦታውም ይሰፋል። በ45ቱና በ47ቱ የፊቱን ግንባር ጨርሶ ማንሳት ይቻላል። እኔ ሁልጊዜ ቢነሳ እመርጣለሁ፤ ብሎን በመፍታት የሚጠፋው ጊዜ ሞተሩ ሲወጣ በእጥፍ ይመለሳል፣ ማንሻውም ሞተሩን ብዙ ከፍ ማድረግ አይጠበቅበትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ዝግ ብሎ መሄድን ይጠይቃል። ከሳልባትዮ የሚመጣውና የሚመለሰው የናፍጣ ቱቦ ሲፈታ አፉ ወዲያውኑ በንጹሕ ፕላስቲክ ይታሠር። ፖምፓው ውስጥ ናፍጣውን የሚገፉት ትንንሽ ፒስተኖች ከቤታቸው ጋር ያላቸው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ ዓይን የማያየው የግቢ አቧራ ሊፍቃቸው ይችላል። በወለጋ ቀይ አፈር ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ከምንም በላይ ልብ ቢል ደስ ይለኛል። ሽቦዎቹም በየተራ ይነቀላሉ፤ የሞተሪኖው፣ የዲናሞው፣ የካንዴሌታው፣ የሙቀትና የዘይት ግፊት መለኪያው። በእያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ስሙን መጻፍ ይገባል። ከዲናሞው ጀርባ ለፍሬኑ አየር የሚስበው ትንሽ ፖምፓ አለ፤ ቱቦው ይፈታል። ብሎኖቹ ከየት እንደወጡ እንዲታወቅ በቆርቆሮ በቆርቆሮ ተለይተው ይቀመጡ፤ የሚቻል ከሆነ ወደ ራሳቸው ቀዳዳ አንድ ሁለት ዙር ይመለሱ። በስልክ ፎቶ ማንሳት ዛሬ ቀላል ሆኗል፤ መለዋወጫ እስኪመጣ ሁለት ወር የሚጠብቅ ሥራ በማስታወስ ብቻ አይመለስም።

ካምቢዮው ይቅር ወይስ አብሮ ይውጣ? በእነዚህ ፒክአፖች ላይ ማስቀረቱ ይሻላል፤ ከነካምቢዮው የሚወጣ ሞተር ረጅምና ከባድ ነው፣ ግቢ ውስጥ ለተሠራ ማንሻ አይመችም። ስለዚህ ከካምቢዮው ሥር ክሪክና ጣውላ ይገባል፣ ሞተሪኖው ይወጣል፣ ሁለቱን የሚያጣብቁት ዙሪያ ብሎኖች ይፈታሉ። የላይኞቹ እጅ አያስገቡም፤ ረጅም ሶኬት ወይም ቀጭን እጅ ያለው ረዳት ይፈልጋሉ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሱፖርቶዎች ይለቀቃሉ። አሁን ሞተሩ መኪናው ላይ ያረፈ እንጂ የታሠረ አይደለም።

ቱኤች ከሦስት ኩንታል በላይ ይመዝናል፤ አምስት የኤክስፖርት ቡና ጆንያ እንደማለት ነው። ይህን ክብደት ምን ይሸከመዋል የሚለው ጥያቄ የሥራው ሁሉ ልብ ነው። ግቢ ውስጥ ማንጎ ወይም አቮካዶ ካለ ሰንሰለቱን ቅርንጫፉ ላይ ማሰር ያጓጓል። አይደረግ። የአቮካዶ እንጨት በቀላሉ ይሰበራል፤ የማንጎውም ውስጡ ተበልቶ ከሆነ ከውጭ አይታወቅም። ሦስት ጠንካራ የባሕር ዛፍ አጣና ይሻላል፤ እግራቸው ከ15 ሳንቲ ሜትር ያልቀጠነ፣ ቁመታቸው አራት ሜትር ያህል፣ ስንጥቅ የሌላቸው። አናታቸው በሰንሰለት ይታሠራል፤ ገመድ ይላላል። ሸክሙ ሲያርፍባቸው እግሮቹ ወደ ውጭ መንሸራተት ስለሚፈልጉ ሁለት ነገር ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ይተከላል፣ ሦስቱም ከታች እርስ በርስ በሰንሰለት ይያያዛሉ። የመኪናው ወርድ ወደ 1 ሜትር ከ70 ነው፤ ሁለቱ የፊት እግሮች በመካከላቸው መኪናው በነፃ እንዲያልፍ ከሁለት ሜትር በላይ ይራራቁ። የሰንሰለት ማንሻው ቢያንስ አንድ ቶን የሚችል ይሁን፤ ሁለት ቢሆን እንቅልፍ ይሰጣል።

ሞተሩን ከፊትና ከኋላ በተሠሩለት የማንሻ ቀለበቶች ማሰር ያስፈልጋል፤ በቧንቧ ወይም በፖምፓ ዙሪያ ሰንሰለት የሚጠመጥም ሰው ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። ፊቱ ከኋላው ትንሽ ከፍ እንዲል ይታሠርና ሰንሰለቱ እስኪወጠር ብቻ ይሳባል። ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ የሚያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባለመኪናውም ቢሆን ዝም ይላል። የነቀምቴ መካኒክ «ሱታ፣ ሱታ» ሲል ረዳቱ ማንሻውን በዝግታ ይስባል፤ «ዻቢ» ሲል ሁሉም ይቆማል። ሞተሩ ወደ ፊት እየተገፋ ከካምቢዮው ይላቀቃል። ካልላቀቀ በአጉል ጉልበት አይጎተት፤ አንድ የተረሳ ብሎን አለ፣ እርሱ ይፈለግ። የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ የሞተሩ ክብደት ዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ ዲስኩ ይጣመማል፤ አዲሱ ፍሪሲዮን ሲገጠም ለምን እንደሚንቀጠቀጥ የሚጠየቀው ከወር በኋላ ነው።

ብዙ ሰው ሞተሩ ሲላቀቅ አየር ላይ አንስቶ ወደ ጎን መጎተት ያለበት ይመስለዋል። ግቢ ውስጥ ትክክለኛው መንገድ ተቃራኒው ነው። ሞተሩ የመኪናውን የፊት ብረት እስኪያልፍ ብቻ ከፍ ይልና ባለበት ይቆማል፤ መኪናው ነው ወደ ኋላ የሚገፋው። የተንጠለጠለ ሸክም ሲወዛወዝ አጣናዎቹን ስለሚጥል፣ የሚንቀሳቀሰው መሬት ላይ ያለው ነገር መሆን አለበት። መኪናው ሲገፋ በሸክሙ ሥር ማንም አይገባም፤ እጅም፣ እግርም፣ የወደቀ መፍቻ ለማንሳትም። የጎረቤት ልጆች ይህን ትዕይንት ለማየት ሁልጊዜ ስለሚመጡ አንድ ሰው እነርሱን ከአጥሩ ጥግ የማቆየት ሥራ ብቻ ይሰጠው። እርሱ ከሌላው ያነሰ ሥራ አልሠራም።

መኪናው ከራቀ በኋላ ሞተሩ ቀስ ብሎ በሁለት አሮጌ ጎማዎች ላይ ይወርዳል። ጎማው ኮፓው እንዳይሰረጉድ ይጠብቀዋል፣ ሞተሩም አይንከባለልም። ባዶ የቀረው የካምቢዮ አፍ በፕላስቲክ ይሸፈናል፤ ዶሮ ጎጆ እንዳትሠራበት ማለቴ በቀልድ አይደለም። ከዚያ በፊት ግን የፍሪሲዮኑን ዲስክ፣ በካምቢዮው አንገት ያለውን የዘይት መከላከያና የሞተሩን የኋላ የዘይት መከላከያ መመልከት ይገባል፤ እነዚህን በርካሽ ለመቀየር ከዚህ የተሻለ ቀን አይመጣም።

ከዚህ ቀጥሎ ባለመኪናው ብዙውን ጊዜ የሚቸኩልበት ነገር ይመጣል። ስልክ አንስቶ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ላለ ዘመዱ «ፋሻና ብሮንዚና ላክልኝ» ይላል። መጠኑ ገና አልታወቀም። ኮሎው ወጥቶ በማይክሮ ሜትር ሲለካ ብቻ ነው እንደነበረ የሚቀር፣ ወይም ሃያ አምስት፣ ወይም ሃምሳ የሚፋቅ መሆኑ የሚታወቀው፤ ይህም ማለት 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ነው፣ ብሮንዚናውም በዚያው ልክ ይገዛል። በሲሊንደሮቹ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ሲለኩ ምን ያህል መስፋት እንዳለባቸው ይታወቃል፣ በዚያ መጠን ፒስተኖቹ ይገዛሉ፣ ከዚያ ቶርኖ ቤቱ እያንዳንዱን ሲሊንደር በእጁ ባለው ፒስተን ልክ ይቆርጣል። ፒስተኑ ሳይመጣ ሲሊንደሩን ያስቆረጠ ሰው የመጣለት ፒስተን በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ከወፈረ ሞተሩ ይይዛል፣ ከቀጠነ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ቀን ዘይት መብላት ይጀምራል።